ስፌት የለሽ የሲሚንቶ ገጽ ምስል፦ በኮምፒዩተር ለሚዘጋጅ የትምህርት ቤት ሕንጻ ሥዕል ያለው አገልግሎት

መግቢያ

በአንድ ወረዳ አዲስ የመማሪያ ክፍሎች እንዲሠሩ ሲታቀድ፣ ዕቅዱ ለወላጆች የሚገለጥበት መንገድ ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። ቀድሞ መሐንዲሱ በእርሳስና በማስመሪያ የነደፈው ፕላን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታይ ነበር። ፕላን ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው በመሆኑ የቀረው ሕዝብ የሚተማመነው በአስረጂው ቃል ነበር። ዛሬ ግን መሠረቱ ገና ያልተቆፈረውን ሕንጻ ተሠርቶ እንዳለቀ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል በኮምፒዩተር ይዘጋጃል። ባለሙያዎቹ ሬንደሪንግ የሚሉት ይህ ሥዕል ፎቶግራፍ ስለሚመስል ተመልካቹም እንደ ፎቶግራፍ ያምነዋል። ገንዘቡን፣ ጉልበቱንና ድንጋዩን የሚያዋጣው ገበሬ በሥዕሉ ላይ ያየውን ግድግዳ እንደ ተገባለት ቃል ይቆጥረዋል። ዕቅድ አውጪውም በክፍሉ ውስጥ ያየውን ብርሃን እውነት ነው ብሎ ስለ መስኮቶቹ ብዛትና ስፋት ይወስናል።

እንግዲህ የሥዕሉ እውነተኛነት የሠዓሊው ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሕንጻው ቅርጽ ከፕላኑ ስለሚወሰድ ብዙ ስሕተት አይገኝበትም። ስሕተቱ የሚገባው ግድግዳው በሚለብሰው ገጽ በኩል ነው። ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ከተነሣ ፎቶግራፍ ይወሰዳል፤ በሌላ ሲሚንቶ፣ በሌላ አሸዋና በሌላ ሰማይ ሥር የተሠራ ግድግዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስፌት የለሽ የሲሚንቶ ገጽ ምስል እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚነጠፍ ማስረዳት፣ እንዲሁም የገጹ ልክና ብርሃን ትክክል ካልሆነ ከሥዕሉ የሚወሰደው ውሳኔም እንደሚሳሳት ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት የአርሲ ደጋ የሚገኘው ዲክሲስ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የገጽ ምስል ምንነት

ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የሚያውቀው የግድግዳውን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቁመቱን፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን። ቅርጹ ብቻውን ሲታይ ከወረቀት ተቆርጦ የቆመ ይመስላል። ኤድዊን ካትሙል በዩታ ዩኒቨርሲቲ በ1974 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ጠፍጣፋ ምስል በአንድ ቅርጽ ላይ እንደ ልብስ የሚለበስበትን ዘዴ አሳየ። ቴክስቸር የሚባለው ይህ የገጽ ምስል ነው። ጄምስ ብሊን ደግሞ በ1978 ቅርጹ ሳይለወጥ ገጹ ሸካራ መስሎ ብርሃንና ጥላ እንዲቀበል የሚያደርግ ስሌት አወጣ። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ሁለቱንም ዘዴዎች ይሠራባቸዋል።

ስምንት ሜትር ርዝመት ያለውን ግድግዳ በሙሉ አጥርቶ በአንድ ፎቶግራፍ ማንሣት አስቸጋሪ ነው፤ ቢነሣም ፋይሉ የኮምፒዩተሩን ማኅደር ያጣብባል። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ ተወስዶ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎንና ከላይ እስከ ታች ይደጋገማል። የቁራጩ ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ ላይኛው ጠርዝም ከታችኛው ጋር ካልገጠመ በየመጋጠሚያው መሥመር ይታያል፤ ግድግዳውም የተጣፈ ጨርቅ ይመስላል። መሥመሩ የማይታይ ሲሆን ምስሉ ስፌት የለሽ ይባላል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መሶብ የምትሰፋ ሴት ጥለቱን ስትጀምር ዙሪያውን ቆጥራ ታካፍለዋለች፤ የመጨረሻው ቅርጽ ከመጀመሪያው ጋር ሳይቆረጥ መግጠም አለበት። ቆጠራው ቢሳሳት ስሕተቱ በአንድ በኩል ተከማችቶ ይታያል። በስፌት የለሽ ምስል ላይ የሚፈጸመውም ይኸው ቆጠራ ነው፤ ልዩነቱ ምስሉ በሁለት አቅጣጫ መግጠም ያለበት መሆኑ ብቻ ነው።

2. ፎቶግራፉን ስለ ማንሣት

የገጽ ምስል የግድግዳውን ቀለም እንጂ የዚያን ቀን ፀሐይ መያዝ የለበትም። በፎቶግራፉ ላይ ጥላ ካለ፣ ኮምፒዩተሩ በራሱ ፀሐይ የሚያመጣው ጥላ ሲጨመርበት ሁለት ፀሐይ የወጣ ይመስላል።

ዲክሲስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ኬክሮስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ አናት ስለምትቀርብ ብርሃኗ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል። ለምሳሌ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ፀሐይ በእኩለ ቀን 82 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ወደ ደቡብ ከሚያይ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወጣ ያለ ጠጠር 14 ሚሊ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ታች ይጥላል። ለስላሳ የሚመስለው ልስን በፎቶግራፉ ላይ የተቦረቦረ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደመና ሰማዩን እኩል በሸፈነበት ሰዓት ወይም ጥላ ባረፈበት ወገን ማንሣት ይመረጣል። በክረምት ደመና ቢበዛም ዝናብ የነካው ሲሚንቶ ስለሚጠቁር ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በአውሮፓ የተጻፉ የማስተማሪያ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ በእኩለ ቀን ፀሐይ እንደማያገኝ ያስተምራሉ። በእኛ አገር ግን ይህ ደንብ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። በዲክሲስ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የትኛው ግድግዳ ጥላ እንዳለው መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ወጥቶ ቢያረጋግጥ ከመጽሐፉ ይልቅ ይታመናል።

በማንሣት ጊዜ የሚከተሉት ይጠበቁ፦

ሀ/ ካሜራው ወይም የእጅ ስልኩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ያጥራል።

ለ/ የስልክ ሌንስ ከቅርብ ሲነሣ ጠርዙን ስለሚያጎብጥ ራቅ ብሎ ማንሣትና የመካከሉን ክፍል ብቻ ቆርጦ መጠቀም ይሻላል።

ሐ/ በምስሉ ዳር ሜትር ይዘርጋ፤ ያለ ሜትር የተነሣ ፎቶግራፍ ልኩ አይታወቅም።

መ/ ቀለሙን ለማመሳከር አንድ ነጭ ወረቀት በዳር በኩል ይለጠፍ።

3. ስፌቱን ስለ ማጥፋት

ጂምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወይም በተመሳሳዩ የሚሠራው ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ምስሉ በወርድም በቁመትም 2048 ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ አለው እንበል። ምስሉን በሁለቱም አቅጣጫ በ1024 ነጥብ መግፋት ነው። በቀኝ የወጣው በግራ፣ በታች የወጣው ከላይ ይገባል፤ ልክ በሰዓት ላይ ከ12 በኋላ 1 እንደሚመለሰው። ከግፊቱ በኋላ ዛሬ ጠርዝ የሆኑት ነጥቦች ቀድሞ በመካከል ጎን ለጎን የነበሩ ናቸው፤ ስለዚህ ጠርዞቹ ያለ ጥርጥር ይገጥማሉ። የቀድሞዎቹ ጠርዞች ደግሞ መካከል ላይ ተገናኝተው የመስቀል ቅርጽ ያለው ስፌት ይሠራሉ። ይህን መስቀል ከአጠገቡ በሚቀዳ ገጽ መሸፈን ብቻ ይቀራል። በሚሸፈንበት ጊዜ ጠርዙን መንካት አይገባም፤ ቢነካ ሌላ ስፌት ይፈጠራል።

ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ይህንኑ በወረቀት ማስተማር ይቻላል። ተማሪው በአራት ማዕዘን ወረቀት መካከል ጠርዙን ሳይነካ የፈለገውን ቅርጽ ይሥላል። ከዚያም ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቆርጦ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጎ ያጣብቃል። ቀጥሎ አግድም ቆርጦ የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ ያደርጋል። አሁን ባዶ የቀረውን መካከል በሥዕል ይሞላል። የአሥር ተማሪዎች ተመሳሳይ ቅጅ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ያለ ስፌት ይቀጥላል። ቀሪ ቁጥር የሚባለው የሒሳብ ትምህርት በዓይን የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

4. ልክና ስሌት

ስፌት የሌለው ምስል ሁሉ ትክክለኛ ምስል አይደለም። በጣም የተለመደው ስሕተት የልክ ስሕተት ነው። በሥዕሉ ላይ የአሸዋው ቅንጣት የባቄላ ያህል ቢሆን ወይም የብሎኬቱ ቁመት የተማሪውን ወገብ ቢደርስ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ሕንጻው አሻንጉሊት ይመስለዋል።

በአገራችን የተለመደው ብሎኬት ከመጋጠሚያው ጋር ሲቆጠር 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይይዛል እንበል። ቁራጩ 1.60 ሜትር በ1.60 ሜትር ቢሆን በወርድ 4 ብሎኬት፣ በቁመት 8 ረድፍ ይይዛል። ብሎኬት በየረድፉ በግማሽ እየተዛነቀ ስለሚደረደር የረድፉ ቁጥር ሁልጊዜ ተጋማሽ መሆን አለበት፤ 7 ረድፍ ቢሆን በመጋጠሚያው ላይ ሁለት ረድፎች ሳይዛነቁ ይገናኛሉ። እንዲህ የተደረደረ ግድግዳ ጠንካራ አለመሆኑን ማንኛውም ግንበኛ በአንድ እይታ ያውቀዋል።

ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 3.20 ሜትር በሆነ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይህ ቁራጭ በአግድም 5 ጊዜ፣ በቁመት 2 ጊዜ፣ በጠቅላላው 10 ጊዜ ይነጠፋል። 2048 ነጥብ ለ1.60 ሜትር ሲካፈል በአንድ ሜትር 1280 ነጥብ ይደርሳል፤ አንዱ ነጥብ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስፋት ይኖረዋል። ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ግድግዳ ይህ በቂ ነው። የሕንጻው ሥዕል ከመንገድ ማዶ የሚታይ ከሆነ ግማሹ ይበቃል።

5. ስለ ድግግሞሽ

ልኩ የተስተካከለና ስፌት የሌለው ምስልም ራሱን ሊያጋልጥ ይችላል። በቁራጩ ውስጥ አንድ ጎላ ያለ ስንጥቅ ወይም እድፍ ካለ በግድግዳው ላይ 10 ጊዜ በእኩል ርቀት ተሰልፎ ይታያል። ዓይን ሥርዓት ያለውን ነገር ፈልጎ ስለሚያገኝ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃበታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለየት ያለው ምልክት ሁሉ ከቁራጩ ይጠፋል፤ ብርሃኑም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይደረጋል። ሁለተኛ፣ የጠፉት ምልክቶች በእውነት በሚገኙበት ስፍራ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። በደጋ አገር የትምህርት ቤት ግድግዳ እንዴት እንደሚያረጅ የሚያስተውል ሰው ይህን አይስተውም። ከቆርቆሮ ክዳን የሚወርደው የዝናብ ውኃ አሸንዳ ከሌለ መሬቱን መትቶ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ግርጌ ይረጫል። ከመስኮቱ ደፍ በታች ውኃ የወረደበት መሥመር ይጠቁራል። ፀሐይ ቶሎ የማያደርቀው ማዕዘን አረንጓዴ ሽበት ያወጣል። በበሩ አጠገብ ደግሞ የልጆች እጅና ትከሻ ልስኑን ያወዛዋል።

እነዚህን ምልክቶች በሥዕሉ ላይ ማስገባት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። አዲሱ ሕንጻ በተመረቀበት ቀንና ከአምስት ክረምት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ አሸንዳና የግርጌ ልስን ለምን ገንዘብ እንደሚመደብላቸው ያለ ብዙ ክርክር ይገባል።

6. ገጹ ስለሚመልሰው ብርሃን

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይህ ነው። ሲሚንቶ በላዩ ከሚያርፈው ብርሃን የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። አዲስ ግራጫ አርማታ ከ35 እስከ 40 በመቶ፣ ያረጀው ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይመልሳል። በኮምፒዩተሩ ላይ የነጥቦች ብሩህነት ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ ሆኖም 128 ማለት የብርሃን ግማሽ ማለት አይደለም። በተለመደው የማሳያ ስሌት 128 ከብርሃኑ 22 በመቶ ያህል ነው። በዚህ መሠረት ያረጀ ሲሚንቶ ከ124 እስከ 149 ባለው ውስጥ ይወድቃል። የገጹ ምስል 220 ሆኖ ከተገኘ 70 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን የሚመልስ ግድግዳ ተሥሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን የሚገኘው ነጭ ቀለም ወይም ኖራ ከተቀባ ግድግዳ እንጂ ካልተቀባ ሲሚንቶ አይደለም።

የዚህ ስሕተት ውጤት ምንድን ነው? የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ ከመስኮት የራቀው ተማሪ የሚያነበው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ በሚደርሰው ብርሃን ነው። ግድግዳው 70 በመቶ የሚመልስ ከሆነ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ተመልሶ 49 በመቶው ይቀራል። 25 በመቶ የሚመልስ ከሆነ ግን ከሁለት ምላሽ በኋላ የሚቀረው 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሥዕሉ በነጣ ገጽ ተሠርቶ ሕንጻው ባልተቀባ ልስን ቢቀር፣ በሥዕሉ ላይ ብሩህ የነበረው የኋላ ወንበር በእውነቱ ክፍል ውስጥ ጨለማ ይሆናል። ዕቅድ አውጪው መስኮቱ ይበቃል ብሎ የፈረመው በሥዕሉ ተማምኖ ነበር፤ ሰሌዳውን ማየት የተሳነው ግን ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ይኸው ስሌት መልካም ነገርም ያስተምራል። በትክክለኛ ገጽ የተሠራ ሥዕል የክፍሉን የውስጥ ግድግዳ ኖራ መቀባት ምን ያህል ብርሃን እንደሚጨምር አስቀድሞ ያሳያል። ኖራና ብሩሽ ከተጨማሪ መስኮት ይልቅ ርካሽ ነው።

ከቀለሙ ሌላ ሁለት ምስሎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ገጹ ምን ያህል ሸካራ ወይም ለስላሳ መሆኑን፣ ሁለተኛው የገጹን ጎድጓዳና ጉብታ ያመለክታል። ሊሾ የተደረገ ወለል ብርሃንን ሰብስቦ ስለሚመልስ ያንጸባርቃል፤ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን ብርሃን ይበተናል። እነዚህ ሁለቱ ምስሎች መለኪያ እንጂ ቀለም ስላልሆኑ ፕሮግራሙ እንደ ቀለም እንዳይቆጥራቸው ማዘዝ ይገባል። የጎድጓዳውን ምስል ለመረዳት ተማሪዎች ወረቀት በግድግዳው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ጎን ቢፈትጉ፣ ጉብታው ጠቁሮ ጎድጓዳው ነጥቶ ይወጣላቸዋል።

7. ለዕቅድ አውጪዎች

በአንድ ወጥ ፕላን ብዙ ትምህርት ቤት መሥራት በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስዊድን ርዳታና በሕዝቡ መዋጮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ይሠሩ ነበር። በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም መቀመጫው አሰላ ነበር። ፕላን አንድ ሆኖ ሊደጋገም ይችላል፤ ግድግዳው ግን የየአካባቢውን አሸዋ፣ አፈርና ዝናብ ይለብሳል። ለደረቅ ቆላ የተዘጋጀ ሥዕል ቀለሙ ሳይለወጥ ለአርሲ ደጋ ቢቀርብ የሚያሳየው ሌላ አገር ነው።

ስለዚህ ለሕዝብ የሚቀርብ ማንኛውም የሕንጻ ሥዕል ከሥሩ ሦስት ነገሮች ቢጻፉበት መልካም ነው፦ የገጹ ምስል ከየት እንደተወሰደ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው አሠራር በተያዘው በጀት ውስጥ መሆኑና አለመሆኑ፣ ብርሃኑም የየትኛው ወርና ሰዓት እንደ ሆነ። ፖሊ ሄቨንን ከመሳሰሉ ያለ ክፍያ ከሚያድሉ ማኅደሮች የተወሰደ ምስል መጠቀም ክልክል አይደለም፤ ልኩና ብሩህነቱ ግን በአካባቢው ግድግዳ መመዘን አለበት።

8. ለመምህራን

ይህ ሥራ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የሚተው አይደለም። የሒሳብ መምህሩ ልክንና መደጋገምን፣ የፊዚክስ መምህሩ የብርሃን ምላሽን፣ የጂኦግራፊ መምህሩ የፀሐይን አካሄድ፣ የሥነ ጥበብ መምህሩ የገጽን አስተያየት ሊያስተምሩበት ይችላሉ። አንድ ስልክ፣ አንድ ሜትርና አንድ ነጭ ወረቀት ለመጀመር ይበቃሉ። የተሰበሰቡት ምስሎች የተነሡበት ስፍራና ቀን ተጽፎባቸው ቢቀመጡ፣ በየዓመቱ ከአንድ ግድግዳ የሚነሣው ምስል የሕንጻውን አረጃጀት የሚመሰክር መዝገብ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ስፌት የለሽ የሲሚንቶ ገጽ ምስል ትንሽ ነገር ነው፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ግድግዳ ጥቂት ከፍ የሚል ቁራጭ። ሆኖም ሕንጻውን በሙሉ የሚያለብሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ስሕተት በተነጠፈበት ቁጥር ይባዛል። ጠርዙ እንዲገጥም፣ ልኩ እንዲስተካከል፣ ምልክቱ እንዳይደጋገም፣ የሚመልሰውም ብርሃን ከእውነተኛው ግድግዳ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአራቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቢጎድሉ ሥዕሉ ውበት ያጣል፤ አራተኛው ቢጎድል ግን ክፍሉ ብርሃን ያጣል። ስለዚህ የሥዕሉ አዘጋጅ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ግድግዳው ሄዶ ቢለካ፣ ወላጆችም ዕቅድ አውጪዎችም የሚያዩት ሥዕል በኋላ ልጆቹ የሚገቡበትን ክፍል ይመስላል።